አሳይታ የማያውቃት የእሳት እራት

ዶክተር ፍቅረሰላም ከአዋሽ ገደል ሥር ተንጋሎ ሲገኝ ግንባሩ ላይ ያሰረው ባትሪ ገና ያበራ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የአገሪቱ የእሳት እራቶች የት እንዳሉና ከየት እንደጠፉ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። እራቶቹን ለመሳብ መብራት የሚለኩሰው ገደል አፋፍ ላይ ስለነበር ባለሥልጣናቱ ሁሉ «አዳልጦት ነው» ለማለት ተዘጋጅተው ነበር። አፋፉ ላይ የተገኘው ዕቃ ነው ያላስባላቸው።

ኢንስፔክተር ሀምዳ ከሰመራ አዋሽ የደረሰችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አቧራው ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ትናንት ማታ ሰመራን የመታው ነፋስ የጎረቤቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ገንጥሎ ደጇ ላይ ጥሎታል፤ መብራትም ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ እሷ መስኮት ደግፋ ነው ያደረችው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ ሀምዳ ደግሞ ተኝታም ብዙ የላትም።

ኮማንደር ተገኘ አፋፉ ላይ ቆሞ ጠበቃት። በያዘው የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቢጫ የጸሎት መቁጠሪያ፣ ሙስበሃ፣ አለ።

«የማን እንደሆነ ልንገርሽ ወይስ ታውቂዋለሽ?»

ታውቀዋለች። ፍርድ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሲቆጥሩት ሁለት ቀን ሙሉ አይታለች፤ የሐጂ አብዱልበሲጥ ነው። ወንድሟ አማን የሐጂ ከባድ መኪና ላይ ረዳት ነበር። ፍሬኑ እንደማይዝ ሦስት ጊዜ ተናገረ፤ «ካልተመቸህ ውረድ» አሉት። ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ሲወርዱ ከነመኪናው ተገልብጦ ሞተ። በችሎቱ ቀን ፍሬኑን ያየው መካኒክ ቃሉን ለወጠ፣ ሾፌሩ ጅቡቲ ገባ ተባለ፣ ሐጂም ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ወጡ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ሀምዳ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ያን ሰው በሐሳቧ እስር ቤት ሳታስገባ አንድ ቀን እንኳ የተኛች አይመስላትም።

«ሰኞ ዕለት ሆቴል ውስጥ በሰው ፊት ዝተውበታል» አለ ተገኘ። «ወንዝ ዳር ያለውን ግራር መንጥረው የመኪና ማቆሚያ ሊሠሩ ፈቃድ ጠይቀዋል። ዶክተሩ ደግሞ እዚያ ግራር ላይ ብቻ የምትኖር የእሳት እራት አለች፣ ግራሩ ከተነካ ከምድር ትጠፋለች ብሎ ለመንግሥት ቢሮ ዝርዝር ሊያስገባ ነበር። ግራሩ እንዳይነካ ሊደረግ ነው ማለት ነው። ምክንያት አለ፣ ዛቻ አለ፣ ሙስበሃ አለ። ፈርሚና ልያዛቸው።»

ሀምዳ የመያዣ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ፊርማዋ ጣቷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«መጀመሪያ ልይ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል ያገሬ ሰው። ለአንቺ ግን ማስረጃው ራሱ በእግሩ መጣልሽ፤ ምን ታይበታለሽ?»

«በእግሩ የመጣውን ነው የማላምነው፣ ኮማንደር።»

አፋፉ ላይ ነጭ አንሶላ በሁለት እንጨት ተወጥሯል። ነዳጅ ጨርሶ የቆመ ጄኔሬተር አለ፤ ከአምፖሉ ሥር ደግሞ አፉ የተከፈተ ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን። ከሣጥኑ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ በስተ ምዕራብ፣ ስድስት የእንቁላል ካርቶኖች ጎን ለጎን ተደግፈው ቆመዋል። የከሰዓቱ ፀሐይ ፊት ለፊት ይገርፋቸዋል። ሀምዳ ተንበርክካ አንዱን ገለበጠችው፤ ከክንፍ የረገፈ ዱቄት እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።

«ይሄን ማን ነካው?»

የመለሰላት ሬሳውን ያገኘው መሀመድአሚን ነው። ለዶክተሩ ለአሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ሲመራና ጄኔሬተር ሲሸከም የኖረ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ የአፋር ሽማግሌ ነው።

«ማንም አልነካውም፣ ልጄ። ስመጣ ሁለት የፓርክ ጠባቂዎች አብረውኝ ነበሩ፤ እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘነው። ያውልሽ፣ ጠይቂያቸው።»

ጠየቀች፤ ጠባቂዎቹም ያንኑ አሉ።

«ካርቶኑ ምን ያደርጋል፣ ጋሽ መሀመድአሚን?»

«እራቶቹ መብራቱን ብለው ይመጡና ሣጥኑ ውስጥ ይገባሉ። ካርቶኑ ላይ ያርፋሉ። ሲነጋ ይቆጠራሉ።»

«ዶክተሩ ከቆጠረ በኋላ ምን ያደርጋቸው ነበር?»

ሽማግሌው ሳቀ። «እሱ? ጨረታ እንዳሸነፈ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ነዋ! መርዝ ጠርሙስ ውስጥ። ትንሽ ትልቅ አይልም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሣጥኑን ነክቼ አላውቅም። ጄኔሬተር ይበቃኛል። ትናንት ደግሞ አዋሽ አርባ ለቅሶ ላይ ነበርኩ፤ እስከ ሱብሂ፣ እስከ ንጋት ሶላት፣ ከሠላሳ ሰው ጋር ተቀምጬ።»

ሀምዳ ስልኳን አውጥታ አዋሽ አርባ ደወለች። የለቅሶው ባለቤት ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ እንዳልተነሣ መሰከረ፤ አልፎ ተርፎ በማንኮራፋቱም ከሰሰው።

ዶክተሩ ያረፈበት ሆቴል የወይዘሮ ሙኒያ ነው። ሙኒያ ከወሎ ከመጣች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የደንበኛን ሆድ ሳታይ የምታውቅ ሴት ናት። ለሀምዳ ቀዝቃዛ ውኃ አስቀመጠችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ወላሂ ትናንት ቅጠል የምታህል ነገር አልተነቃነቀችም። በላብ ነው ያደርነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ሰው ሲሞት ደግሞ ይከብዳል።»

«ዛቻውን ሰምተዋል?»

«ያልሰማ ማን አለ! ሐጂ ጠረጴዛውን መትተው ‹ይሄን ዝርዝርህን ይዘህ ገደል ትገባለህ› አሉት። ሻዩ ሁሉ ፈሰሰ።»

«ከዚያ በኋላ ሐጂ እዚህ መጡ?»

ሙኒያ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «እንግዲህ ማንም አልጠየቀኝም። ሐሙስ መጡ። ከዶክተሩ ጋር አንድ ትሪ ላይ ፍየል በሉ። እየተጎራረሱ! እኔም፣ ያረቢ፣ የሰው ነገር አልኩ። ሲሄዱ ሙስበሃቸውን ጠረጴዛው ላይ ረሱት።»

የሀምዳ እጅ ብርጭቆው ላይ ቆመ። «ማን አነሣው?»

«እኔ ነኛ። ‹ስታገኛቸው ስጥልኝ› ብዬ ለዶክተሩ ሰጠሁት። ያቺን አንሶላና አምፖል የሚይዝባት ቦርሳ አለች አይደል? እሷ ውስጥ ከተታት።»

የዶክተሩን ክፍል ሀምዳ ብቻዋን ፈተሸች። ጠረጴዛው ላይ ታትሞ የተቀመጠ ረጅም ዝርዝር አለ፤ ረቡዕ ሊገባ የነበረው ነው። የእያንዳንዷ የእሳት እራት ስም፣ መገኛና የመጥፋት ሥጋት በተራ ተጽፏል። ስለ ግራሯ እራት የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፦ «መገኛ፦ አዋሽ፣ አሳይታ። ለጊዜው ሥጋት የለባትም።»

ከዝርዝሩ አጠገብ የመስታወት ክዳን ያለው ሣጥን አለ። በውስጡ አመድማ መልክ ያላቸው፣ በየክንፋቸው ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ ያለባቸው አራት እራቶች በመርፌ ተተክለዋል። ከእያንዳንዳቸው ሥር የጥፍር ስፋት ያላት ወረቀት አለች። ሀምዳ ወረቀቶቹን ለማንበብ ሣጥኑን መስኮት ድረስ ወሰደችው። «አሳይታ። ሰብሳቢ፦ ማህሌት።»

ማህሌት የዶክተሩ ረዳት ተመራማሪ ናት፤ የምትኖረው ሰመራ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ሆቴሉ ግቢ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ጀርባዋ ላይ ቦርሳ፣ ብብቷ ሥር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይዛለች።

«ጋሽ መሀመድአሚን ጠዋት ደወለልኝ። የመጀመሪያውን መኪና ይዤ መጣሁ።»

«ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«ሰመራ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ። ጨረቃ በሌለባቸው ሌሊቶች እሱ አዋሽ፣ እኔ ሰመራ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መብራት እንለኩሳለን። የቱ ዓይነት የት እንደሚገኝ የሚታወቀው እንዲህ ነው።» ደብተሩን ከፍታ አዞረችላት። «ይኸው የትናንቱ።»

ሰንጠረዡ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞልቷል። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ ብዛት። ሀምዳ ዓምዶቹን በጣቷ ተከትላ አነበበች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

«አንድም ዓምድ አልዘለልሽም።»

«ዓምድ የዘለለ መዝገብ መዝገብ አይደለም።»

«ሰማንያ አራት እራት ቆጥረሻል። የት አሉ?»

«ለቀቅኋቸዋ!» ማህሌት ጥያቄው የሰደባት መሰለች። «ልግደላቸው? አንዳንዶቹ እኮ በዓለም ላይ ከዚህ ሸለቆ ሌላ አገር የላቸውም። ሲነጋ ካርቶኖቹን አውጥቼ ጥላ ሥር አደርጋለሁ። ሣጥኑ ውስጥ ከተዋቸው ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትቀቅላቸዋለች። ሲመሽ በራሳቸው ይሄዳሉ።»

«ዶክተሩም እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«እሱ?» አለች፤ ቃሉን ከአፏ እንደ ፍሬ ተፋችው። «እሱ ምን ቸገረው።»

«አሳይታ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

ደብተሩን መልሳ ወሰደች። «ለሥራ? በጭራሽ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሀምዳ ሁሉንም በሙኒያ ሆቴል ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሙኒያ ሻይ አዞረች። መሀመድአሚን ዳር ላይ ተቀመጠ፤ ማህሌት ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሐጂ አብዱልበሲጥ ከሁለት ፖሊሶች መሃል ሆነው መጡ፤ ነጭ ጀለቢያቸው አንድ እጥፋት የለበትም። ኮማንደር ተገኘ ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሀምዳ ከሐጂ ጀመረች።

«ሰኞ ዕለት ሰውየውን ገደል ትገባለህ አሉት። ቅዳሜ ገደል ገባ። ሙስበሃዎ አፋፉ ላይ ተገኘ።»

«ጠፍቶብኝ ነው ብያለሁ። የቀረውን ጠበቃዬ ይናገራል።»

«ጠበቃዎ ምን ይላል? ዝርዝሩ ረቡዕ ቢገባ ግራሩ ሊነካ አይችልም። ማቆሚያው ይቀራል። ያን ዝርዝር የያዘ ሰው ሞተ። ዳኛ ፊት ይሄን ብቻ ባነብ ዕድሜ ልክ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽን ነገር በእኔ ላይ ልትወጪው ነው!»

«አዎ» አለች ሀምዳ። ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ የምመኘው ይሄንኑ ነው። እርስዎም ያውቃሉ። ኮማንደር፣ ወረቀቱ ይኸው። የሰው መግደል ወንጀል፣ በቂም፣ ታስቦበት የተፈጸመ። ልፈርም ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደሎች ስትጽፍ ሐጂ ብድግ አሉ።

«ለምን እገድለዋለሁ? ጨርሶልኝ እኮ ነበር! ዝርዝሩን ለውጦታል! እራቷ አሳይታም አለች፣ አታሰጋም ብሎ ጽፎልኛል፤ ለራሴ አሳይቶኛል!»

«እንዲሁ ለወዳጅነት?»

«ሰመራ ቤት ገዛሁለት! በሚስቱ ስም! ካርታውን ሄደሽ እይው! ቤት የገዛሁለትን ሰው ምን ብዬ ገደል እወረውረዋለሁ?»

ሀምዳ ብዕሩን ክዳኑ ውስጥ ከተተች።

«እውነትዎን ነው። አልገደሉትም። ኮማንደር፣ ስልኩ ቀድቷል?»

«ቀድቷል» አለ ተገኘ፤ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን በግድ ገጠመው።

ሐጂ ምን እንደተናገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ለመቀመጥ ወንበሩን በእጃቸው ፈለጉት።

ሀምዳ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ዝርዝሩን ትናንት አይቼዋለሁ፤ ሐሙስ ዕለት እየተጎራረሱ እንደበሉም እትዬ ሙኒያ ነግረውኛል። ጠላት ያልሆነ ሰው ለምን ይገድላል? ስለዚህ ሙስበሃው በሌላ እጅ ነው እዚያ የደረሰው። ሐሙስ ማታ የገባው ዶክተሩ የመብራት ቦርሳ ውስጥ ነው። ያቺን ቦርሳ የሚከፍት መብራት የሚለኩስ ሰው ነው። ዶክተሩ አለ፤ ጋሽ መሀመድአሚን አሉ፤ ማህሌት አለች። ጋሽ መሀመድአሚን ለቅሶ ላይ እያንኮራፉ ነበር።»

«ውሸት ነው፤ አላንኮራፋም» አለ ሽማግሌው።

«ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ካርቶኖቹ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። እኔ ከሰዓት ስደርስ ፀሐይ ላይ ነበሩ፤ ከቁጥቋጦው በስተ ምዕራብ ግን ጠዋት ጥላ ነው። ማታ የሠራው ሰው ቢሆን ስለ ጥላ አያስብም። ስለዚህ አንድ ሰው እዚያ አንግቷል። ሬሳው ገደል ሥር ወድቆ፣ ያ ሰው ከላይ ቁጭ ብሎ አድሮ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ተነሥቶ እራቶቹን ከመቀቀል አዳነ። ዶክተሩ እራት አያድንም። ሐጂ ደግሞ እራትና ትንኝ አይለዩም።»

ሁሉም ሳያስቡት ወደ ማህሌት አዩ። ማህሌት ደብተሯን ያዝ አደረገች።

«እኔ ሰመራ ነበርኩ። ተጽፏል።»

«ተጽፏል። ነፋስ በሚለው ዓምድ ምን ጻፍሽ?»

ማህሌት ደብተሩን ገለጠች።

«‹ጸጥ ያለ› ብለሻል። ቅዳሜ ማታ ጸጥ ያለው እዚህ አዋሽ ነው። ሰመራ ላይ ቆርቆሮ ሲበር አድሯል፤ አንዱ እኔ በር ላይ ነው የወደቀው። መብራትም አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃም ግቢው ውስጥ ማንም መብራት እንዳልለኮሰ ነግሮኛል። በዚያ ነፋስ አንድ እራት አይነሣም፤ አንቺ ሰማንያ አራት ቆጠርሽ። ዓምዱን ባዶ ብትተዪው ኖሮ እኔም ላላይ እችል ነበር። ግን ዓምድ መዝለል አትችዪም። የመጣሽበት ሚኒባስ ሾፌርም የተሳፈርሽው አዋሽ አርባ ላይ ነው ብሏል፤ ከዚህ አሥር ደቂቃ።»

«ለምን ብላ?» አለች ሙኒያ። «ይቺ ልጅ ቅማል አትገድልም!»

ሀምዳ የመስታወት ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ጋሽ መሀመድአሚን፣ ይቺ እራት አሳይታ ትኖራለች?»

ሽማግሌው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። «ያ ግራር አሳይታ ከየት መጥቶ? ፕሮሶፒስ የሚሉት ወራሪ ዛፍ በልቶት የለም እንዴ! ከዚህ ግራር ሌላ ቅጠል አትቀምስም፤ ምን ትበላለች?»

«ከአዋሽ የተያዘች እራት ናት፤ ዶክተሩ ግን አሳይታ የሚል ወረቀት አድርጎላታል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የማህሌት ስም አለ። ነገ ውሸቱ ቢወጣ ውሸታሟ እሷ እንድትሆን።»

ማህሌት ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳበችው። 

«እኔ ነኝ ያገኘኋት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከገደል ገደል እየወጣሁ የት እንዳለች የት እንደሌለች ፈለግሁ። በእኛ ሥራ ሰው ይሞታል፣ ወረቀቱ ይቀራል። መቶ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው ሣጥን ሲከፍት ያቺን የጥፍር ያህል ወረቀት ነው የሚያምነው። እሱ በእኔ ስም ዋሸ። እሷን የሚያጠፋ ውሸት በእኔ ስም ጻፈ። ቅዳሜ ሳልነግረው መጣሁና ስሜን አንሣ አልኩት። ሳቀ። ‹ስምሽን ማን ያውቀዋል?› አለኝ። ገፋሁት።»

«ሙስበሃውስ?»

«ድንጋጤው ሲያልፍልኝ ቦርሳውን ከፈትኩ፤ የሐጂን ሙስበሃ አየሁ። ሐጂ እንደገዙት ራሱ ነግሮኝ ነበር፤ የሻጩ ነገር አለቀ፣ ገዢውስ አልኩ። አንዱ ገደል ገብቷል፣ አንዱ ወኅኒ ይግባ።» ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፦ «ልሄድ ስል ሣጥኑ ውስጥ ሲርመሰመሱ ሰማኋቸው። እነሱ ምን አጠፉ?» አለች።

ፖሊሷ ካቴናውን ይዛ ስትጠጋ ማህሌት እጆቿን ራሷ ዘረጋች።

«ዝርዝሩ ረቡዕ ይገባል። አሳይታ የሚለው ይሰረዝ።»

«የነፍሰ ገዳይን ቃል ማን ይሰማል?» አለ ተገኘ።

«እኔ ማንንም አልገደልኩም» አለ መሀመድአሚን እየተነሣ። «እነዚያን የቢሮ ሰዎች አሳይታ ድረስ ይዤያቸው እሄዳለሁ። ግንድ በግንድ ያዩዋታል፤ ማለቴ፣ አያዩዋትም።»

ሐጂን በጉቦ ወንጀል ጠርጥረው ወደ አንዱ መኪና አስገቧቸው። ሀምዳ ማህሌትን ይዛ ወደ ሌላኛው ሄደች። በሩ ላይ ሲደርሱ ማህሌት ቆመች። አክብሮቱን ትታዋለች።

«የወንድምሽን ነገር ጋሽ መሀመድአሚን ነግሮኛል። መዝገቡ አንቺ እጅ እንደሚገባ አውቄ ነው ሙስበሃውን እዚያ ያስቀመጥኩት። ዝም ብትዪ ዕድሜ ልክ ይገባልሽ ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፣ አላማረሽም?»

«እጄ እስኪያሳክከኝ» አለች ሀምዳ። ጭንቅላቷ እንዳይመታ በእጇ ከልላ አስገባቻት። «በሐሰት የገባ ግን በይግባኝ ይወጣል። እኔ ያ ሰው እንዲወጣብኝ አልፈልግም።»